ዝንብ ያላረፈበት እንስራ

መስቱራ የእናቷን ፊት ረስታዋለች። ይህን ስትናገር አታፍርም፤ ስለ ጠፋ ዕቃ እንደምታወራ ነው። «ፊቷ ጠፍቶኛል፤ እጇ ግን አልጠፋኝም» ትልና የገዛ ቀኝ እጇን ዘርግታ አሽትት ትለኛለች። እጇ ሁልጊዜ ይሸታል። ከወል የነካ እጅ ሳሙና አያጸዳውም፤ አመድም ሎሚም አያጸዳውም፤ ሽታው ሦስት ቀን ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይተዋል። እሷ ደግሞ በሦስተኛው ቀን እንደገና ትነካዋለች።

ገዳሪፍ ውስጥ ከምዕራብ የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት መንደር፣ ከእሷ ጋር አንድ የጭቃ አጥር ተጋርቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ። ሥራዬ ማስተማር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልሄድኩም። መሄጃ ስላልነበረኝ ብቻ አይደለም፤ ሰው ረጅም ዘመን የተነፈሰውን አየር ትቶ ሲሄድ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የዚያ ግቢ አየር ደግሞ በዝናብ ማብቂያ ከወል ከወል ይላል።

ከወል በክረምት ሜዳውን የሚሞላ አረም ነው። ቅጠሉ ሳይታጠብ ይወቀጣል። ጭማቂው ሳይፈስ እንስራ ውስጥ ይገባል፤ እንስራው ጥላ ሥር እስከ አንገቱ ይቀበራል፤ አፉ በማሽላ ቅጠል ተሸፍኖ በጭቃ ይመረጋል። በየሦስት ቀኑ ተከፍቶ በእጅ ይታሻል፤ ተመልሶ ይመረጋል። ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ይወጣና በመዳፍ እየተጨመቀ፣ እየተድቦለቦለ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ጥቁር ነው፤ ላላወቀው ሰው የፍየል በጠጥ ይመስላል። ከደረቅ ባሚያና ከሽንኩርት ጋር ሲሠራ ግን ስጋ የሌለበት ወጥ ስጋ ስጋ ይላል።

ስለ እናት ወጥ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣዕሙ ነው። እኔ ያንን ግቢ ካየሁ በኋላ ስለ ጣዕም ማሰብ ትቻለሁ። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ማንኛውንም የድሃ ቤት ወጥ ቆፈር ብታደርጉት ከሥሩ ረሃብ ታገኛላችሁ። አንዲት ሴት ልጆቿ እያለቀሱባት ሜዳ ወጣች፤ ያገኘችውን ቅጠል አፏ ከተተች፤ አልሞተችም። ከእሷ በፊት ሌላ ቅጠል አፏ ከትታ የሞተችው ሴት ግን ስሟ የለም። «እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ» የሚለው የእናት ትእዛዝ ሁሉ የተጻፈው በእነዚያ ስም በሌላቸው ሴቶች ሆድ ላይ ነው። ትእዛዙ ለምን እንደሆነ ማንም አያስታውስም። ትእዛዙ ብቻ ይቀራል።

የመስቱራ እናት ኩብራ ትባላለች። በዚያ በክፉው የረሃብ ዓመት ከጀበል መራ ተራራ ግርጌ ተነስታ፣ ከብቱ አልቆ፣ አምስት ልጆቿን በየተራ ቀብራ፣ የቀረችላትን አንዲት ልጅ ይዛ በጭነት መኪና ላይ ገዳሪፍ ገባች። አልጋ አልያዘችም፣ ቁርበት አልያዘችም። በጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ባዶ እንስራ ብቻ ነበር። ሾፌሩ «ለዚህ ሸክላ ቦታ አልሰጥም፤ በእሱ ፋንታ ሰው ይጫናል» ሲላት «እንግዲያው እኔን አውርደኝና እሱን ጫነው፤ ልጄ ታውቅበታለች» አለችው ይባላል። ሾፌሩ ስቆ ሁለቱንም ጫነ። መስቱራ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ገና ምንም አታውቅበትም ነበር።

ኩብራ በአዲሱ አገር ሁለት ክረምት ብቻ አየች። በእነዚያ ሁለት ክረምቶች ያላትን ሁሉ ለልጇ ሰጠች። ያላት ደግሞ እንስራውና ትእዛዙ ነበር። ቅጠሉ አያብብ፣ ሳያብብ ይለቀም። ውሃ አይንካው፤ ውሃ ከነካው መቡካቱን ትቶ ይበሰብሳል። ፌንጣና ትል የበሳሳው ቅጠል ይቅር፤ ሙሉ ሙሉው፣ ቀዳዳ የሌለበት ብቻ ይመረጥ። ከሠሪዋ ሌላ ማንም እጁን እንስራው ውስጥ አይክተት። በመጨረሻም አመራረጉ። የእንስራውን አፍ አሳምራ የመረገች ሴት ዝንብ አይከባትም። ኩብራ በልጇ ፊት በሠራችባቸው በሁለቱም ክረምቶች እንስራው ላይ አንዲት ዝንብ አላረፈችም። መስቱራ ይህን በዓይኗ አይታለች።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ክረምት መጣና ሄደ። መስቱራ አገባች፣ አንድ ልጅ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ በየክረምቱም እንስራውን ሞላች። በየክረምቱም ዝንብ መጣ። ጭቃውን በገለባ ለወሰችው፣ በአመድ ለወሰችው፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ ጣለችበት፤ መጣ። የሠራችው ከወል ግን ከሰፈሩ ሁሉ የተመረጠ ነበር። በጭነት መኪኖች መቆሚያ አጠገብ ዳስ ጥላ የማሽላ ገንፎ በከወል ወጥ ትሸጥ ነበር፤ የቀን ሠራተኛውም ሾፌሩም ተሰልፎ ይበላላታል።

አንድ የወንዝ ዳር አገር ሰው የሆነ ሾፌር፣ ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ሲያበቃ፣ እንደ ሁሉም ሰው «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ እያላት ሁልጊዜ ያማርራል።

«ኻልቲ፣ ፈጀሽኝ እኮ። ዛሬ በዚህ እጄ ቤቴ ብገባ ሚስቴ ከአልጋ ነው የምታባርረኝ።»

«ለሚስትህ ሰላም በልልኝ። እስከ ሦስት ቀን ሌላ ሴት እንደማትጠጋህ ዋስ ሆኛታለሁ፤ ምን ትፈልጋለች?»

«በማንኪያ ብበላስ?»

«በማንኪያ የሚበላ ሰው ለማንኪያው ይክፈለኝና ለራሱ ሌላ ቦታ ይፈልግ!»

ዳሱ በሳቅ ይሞላል። እሷም ትስቃለች። ሰዉ ሲሄድ ግን ሳህኖቿን እየሰበሰበች «አንተስ እንዲህ ሆኖብህ ያውቃል፣ ኡስታዝ? ሰው ሲያደንቅህ ሥራህ ግን ሲያፍርብህ?» አለችኝ አንድ ቀን። ምን ለማለት እንደፈለገች ገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያመሰገናት ሰው ሁሉ ኩብራን አያውቃትም። በዳሱ ውስጥ የምታውቃት እሷ ብቻ ነች፤ በእሷ ላይ ደግሞ ዝንቡ ይመሰክርባታል። መስቱራ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ እንስራ ብቻ፣ እናቷ እንደሠራችው አድርጋ መሥራት። እዚያ ከደረሰች በኋላ እንስራውን ለልጇ ሚስት ለማስረከብ አስባለች። ጎደሎ ነገር ማውረስ አልወደደችም።

የልጇ የኢስሐቅ ሚስት ሐዋያ ናት። አባት እናቷ ከምዕራብ ናቸው፤ እሷ ግን ገዳሪፍ የተወለደች፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ መልሷ ፈጣን የሆነ ልጅ ነበረች። ከመስቱራ ጋር ቀኑን ሙሉ ይናቆራሉ፤ ማታ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ።

«ኻልቲ፣ ቅጠሉን ትንሽ ለቅለቅ ብናደርገውስ?»

«አንቺን ለቅለቅ ያድርግሽ።»

«አቧራ አለበት እኮ።»

«አቧራ ማንን ገደለ? እናቴ ሳታጥብ ስድስት ልጅ አብልታበታለች።»

«ከስድስቱ ስንቱ አደገ?»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ሐዋያ ደነገጠች። እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ መጽሐፌን አጠፍኩ። መስቱራ ግን ዘነዘናውን ከፍ አድርጋ ሙቀጫው ላይ ጣለችና «እኔ አደግሁ አይደል? አንቺን የመሰለ ምላስ ለመቻል አንድ በቂ ነው» አለች። ሁለቱም ሳቁ።

በሠላሳ ሁለተኛው ክረምት ዝናቡ ከመሐል ተቋረጠ። መስቱራ ሠላሳ ዓመት ቅጠል የለቀመችበትን የኮረብታ ሥር ሜዳ ደግሞ አንድ ባለሀብት በትራክተር አርሶ ማሽላ ዘርቶበታል። ሦስት ጠዋት በእግሯ ወጥታ ሦስቱንም ቀን ግማሽ ዘንቢል ይዛ ተመለሰች። ያመጣችውን ሐዋያ ወደ ፀሐይ አንስታ ስታየው ወንፊት ነው፤ ፌንጣ በልቶ የተረፈ ነው። መስቱራ ለፍየል ጣለችው።

በአራተኛው ቀን ግን ዘንቢሉን ሞልታ፣ ሌላ ጆንያ በጀርባዋ አዝላ ገባች። ላብ ፊቷን አጥቦታል፤ ፈገግታዋ ከሩቅ ይታያል። በአጥሩ ላይ አንድ እፍኝ ቅጠል አቀበለችኝ።

«እስቲ እይ፣ ኡስታዝ! አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አንድ ቀዳዳ አለው?»

አገላበጥኩት። ሰፋፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ነበር። አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። «የለውም» አልኳት። በዚያ ዓመት፣ ፌንጣው የሰው ልብስ እንኳን በሚበላበት ዓመት፣ አንድ ሜዳ ሙሉ ቅጠል ሳይነካ የቀረው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ሕይወቴን ሙሉ ልጆችን «ለምን ብላችሁ ጠይቁ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ደስታዋን አይቼ ደስ አለኝና መለስኩላት፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ሐዋያ ግን ጠየቀች። «ኻልቲ፣ ከየት ነው ይሄ?»

«ከአላህ።»

«አላህ በየት በኩል ነው ያበቀለው?»

«ከትልቁ እርሻ ዳር፤ በርሜሎቹ ከተደረደሩበት። ውሃ ስለሚፈስበት ለምልሟል።»

«መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች የሚበጠብጡበት ቦታ አይደል እሱ? ኢስሐቅ ነግሮኛል፤ የፌንጣ መድኃኒት እዚያ ነው የሚቀላቅሉት።»

«ረጭተው ከሄዱ ሳምንት አልፏቸዋል።»

«እንግዲያው ይታጠብ።»

«አይታጠብም።»

«ኻልቲ፣ እባክሽ። አንድ ጊዜ ብቻ በውሃ…»

«አይታጠብም አልኩሽ! ከታጠበ ከወል አይደለም። እናቴ ከዚያ አገር እዚህ ድረስ በጭኗ የተሸከመችውን በአንቺ ባልዲ ላጥፋው?»

ሐዋያ ባልዲውን ወደ ጎን አደረገች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ያለችው በባሏ እናት ቤት ነው፤ ባሏ ኢስሐቅ ራቅ ካለ እርሻ ለአረም ሥራ ሄዶ ሦስት ሳምንት አይመለስም። በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ምራት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ትናገራለች፤ በሦስተኛው ነገሩ ክርክር መሆኑ ይቀርና ጠብ ይሆናል። ሙቀጫው መደብደብ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን መስቱራ እንስራውን ልትከፍት ወጣች። ትንሽ ቆይታ ስሜን ጠራች። እንደዚያ ሆና ጠርታኝ አታውቅም፤ ሰው የወደቀ መስሎኝ በሩጫ ዞርኩ። ከእንስራው አጠገብ ተንበርክካ ሁለት እጆቿን አንስታ፣ እንዳይነካት የምትፈራው ነገር ያለ ይመስል ዙሪያውን ታያለች።

«ዝንብ የለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እውነትም አልነበረም። ጭቃው አፍ ላይም፣ በጆንያው ላይም፣ በአካባቢው አንዲት ዝንብ አልነበረችም። በስድስተኛው ቀን አልመጣም። በዘጠነኛው አልመጣም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰው እየጠራች ማሳየት ጀመረች። በመንደሩ ትልቋ ሴት ሐጃ ዘምዘም ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተው አዩና «ኩብራ እንዲህ ነበር የምትሠራው» አሉ። እሳቸው ከዚያ አገር ጀምረው ኩብራን ያውቋታል። መስቱራ ይህን ስትሰማ የተከናነበችውን ቶብ በፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። ድቡልቡሉ ከወል ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንኳ፣ ሌላ ጊዜ በቅጠል ማራገቢያ ዝንብ ስታባርር የምትውልበት ቀን፣ እጇን አጣምራ ቁጭ ብላ ዋለች። በሕይወቷ ያረፈችበት ቀን እሱ ይመስለኛል።

ኢስሐቅ ሐሙስ ማታ ከእርሻ ተመለሰ። ዓርብ ከስግደት በኋላ የአዲሱ እንስራ የመጀመሪያው ድስት ተጣደ። የመጀመሪያው ድስት አይሸጥም፤ ለጎረቤትም አይሰጥም፤ የቤቱ ነው። ወንዶቹ ቀድመው ይቀመጣሉ። ከኢስሐቅ ጋር የተቀመጠው ኸሚስ ነበር፤ መስቱራ በሕፃንነቱ ስላጠባችው የቤቱ ልጅ ነው። ዘግይቶ ስለመጣ የደረሰው ኢስሐቅ ሳህኑን ካጋመሰ በኋላ ነው።

ድምፃቸው በአጥሩ ላይ ይመጣል።

«አንተ፣ ለወንድምህ አስቀር እንጂ! ከእርሻ ነው የመጣኸው ወይስ ከእስር ቤት?»

«የዘገየ ሳህን ይልሳል። እማ፣ ይሄ ግን ያንቺ አይደለም።»

«የማን ይሁን?» የመስቱራ ድምፅ ነው።

«የአያቴ ነው። አንቺ ሰርቀሻት ነው።»

«ብላ፣ አፍህን ዝጋና ብላ» አለችው። ድምጿ ውስጥ ያለውን ደስታ አሁንም እሰማዋለሁ።

ሐዋያ ሽታው በእርግዝናዋ ስለሚያስመልሳት አልበላችም። መስቱራም የሴት ወግ ነውና ኋላ ከድስቱ ግርጌ ያለውን በጣቷ ጠረገች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኢስሐቅ «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለ። ወዲያው ለሃጩ መውረድ ጀመረ፤ ላቡ አልጋውን አራሰው፤ ጡንቻዎቹ ከቆዳው ሥር እንደ ተያዘ ዓሣ ይንቀጠቀጡ ነበር። ኸሚስም ወደቀ። በአህያ ጋሪ ጭነን በቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት አደረስናቸው። መስቱራ ራሷ እያስመለሳት ከጋሪው ኋላ ትሮጥ ነበር።

በሩ ላይ የተቀበለን ሠራተኛ «ምን በልተው ነው?» አለ።

«ከወል» አለች ሐዋያ።

ሰውዬው አፍንጫውን ያዘ። «የበሰበሰ ቅጠል! እናንተን ስንት ጊዜ እንንገራችሁ? ሰው እንዴት ቆሻሻ እየቀበረ ያወጣና ይበላል?»

«ብስባሽ አይደለም፤ መድኃኒት ነው፤ የፌንጣ መድኃኒት ነክቶት ነው! የዓይኑን ብሌን እየው፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆኗል!»

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

በወረቀቱ ላይ «የተበላሸ ምግብ» ተብሎ ተጻፈ። እኔ አንብቤዋለሁ። ሐዋያ ከአልጋ አልጋ እየሮጠች የምትናገረውን አንድ ወጣት ሐኪም በማግሥቱ ጠዋት ሰማትና ሌላ መርፌ አዘዘ። ለኸሚስ ደረሰለት። ለኢስሐቅ አልደረሰም፤ ቀትር ሳይሆን ሞተ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመንደሩ የሆነውን ለመናገር እቸገራለሁ፤ ማንም ክፉ ሰው አልነበረምና። ሰው ፈራ፤ ሌላ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ብስባሽ ገደለው ይላል። ሴቶች ከእናቶቻቸው የወረሱትን እንስራ እያወጡ ከሰፈሩ ውጭ ሰበሩ። ልጆቻቸው ድሮም በትምህርት ቤት «ገማችሁ» እየተባሉ ሲያፍሩበት የኖሩት ምግብ ነው፤ አሁን ደግሞ ገዳይ ሆነ። የመስቱራ ዳስ ባዶ ቀረ። ይህን ሁሉ ቻለችው። በሐዘኑ ምንጣፍ ላይ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ከእናቷ የወረሰችው መርዝ እኮ ነው» ስትል ስትሰማ ግን ቀና አለች። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ቀና ስትል ያየኋት ያኔ ነው።

ሰው ሲበተን ሐዋያን ጠየቀቻት።

«እናቴ ናት የገደለችው?»

«አይደለችም፣ ኻልቲ። በርሜሉ ነው።»

«ዝንቡ አልመጣም እኮ።»

ሐዋያ ወደ እሷ ተጠጋች። ከዚያ በዝግታ፣ የታመመ ሰው እንደሚነካ አድርጋ «ዝንቡ ያልመጣው ስለሚሞት ነው፣ ኻልቲ። ፌንጣውም ቅጠሉን ያልበላው ለዚያ ነው» አለች።

መስቱራ እጇን አንስታ አየችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት በዚያ ቤት ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ አልሰማሁም።

ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ፣ ማንም ሳያያት ጎሕ ሳይቀድ በጭነት መኪና ወጣች። ሦስት ቀን ጠፋች። ትራክተር ያልደረሰበት፣ ከብት ብቻ የሚውልበት የድንበር ኮረብታ ድረስ ሄዳ ኖሯል። ቅጠሉን ለቀመች፤ እንደ ትእዛዙ ሳታጥብ ወቀጠች፤ እንስራውን ቀበረች፤ መረገች። በሦስተኛው ቀን ዝንቡ እንደ ደመና መጣ። በአሥራ አምስተኛው ቀን አወጣች፤ አደረቀች። ከዚያም በየቀኑ በቀትር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በደጃፏ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ገንፎና የከወል ወጥ አቅርባ፣ ብቻዋን ትበላ ጀመር።

«ኻልቲ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት ሐዋያ፤ ሕፃን ልጇን ታቅፋለች።

«ምሳ እየበላሁ ነው።»

«ለምን ደጅ?»

«እንዲያዩ ነዋ። እናቴ ሰው ገዳይ ከሆነች ይግደለኝ።»

አላመማትም። አሥር ቀን በላች፤ አላመማትም። ሃያ ቀን በላች። መንደሩ መጀመሪያ ዓይኑን እያዞረ ያልፍ ነበር፤ ቆይቶ ቆም ማለት ጀመረ። በሠላሳ ምናምነኛው ቀን ሐጃ ዘምዘም ምርኩዛቸውን አስደግፈው ከምንጣፉ ጫፍ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው ከሳህኑ ቆረሱ። በማግሥቱ ሁለት ሴቶች መጡ። አንድ ቀን ኸሚስም መጣ፤ ከዚያ በሽታ የተረፈ መንቀጥቀጥ እስከ ዛሬ በግራ እጁ ላይ አለ። ቆሞ አያት። «ብላ አልልህም» አለችው። «አውቃለሁ፣ እማ» አለና ሳይበላ አብሯት ተቀመጠ።

በአርባኛው ቀን መብላቱን አቆመች። በቀጣዩ ሳምንት ገበያ ላይ ሦስት አዲስ እንስራ ሲሸጥ አየሁ። ወሬውም ተለወጠ። ከወሉ አይደለም ተባለ፤ ኩብራም አይደለችም ተባለ።

እኔ ማታ ማታ ተቀምጬ የማስበው ይህን ነው። ያቺ ሴት በገዛ ሰውነቷ ፈተና ሠርታ እናቷን ነጻ አወጣች። ፈተናው ግን የሚሠራው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ብትታመም ጥፋቱ የእናቷ ይሆንና እሷ ትድናለች፤ ጤነኛ ሆና በዋለች ቁጥር በራሷ ላይ ትመሰክራለች። አርባ ቀን፣ በየቀኑ፣ በጤናዋ ልጇን ማን እንደገደለው እየበላች አረጋገጠች። ይህን አውቃ ነው የጀመረችው ወይስ መሐል ላይ ነው የገባት? አንድ ቀን ልጠይቃት ሞከርኩ።

«ኩብራን አወጣሻት፣ መስቱራ» አልኳት።

«አዎ፣ እሷስ ወጣች» አለችኝ። እኔም ከዚያ ማለፍ አልደፈርኩም።

ሐዋያ እንደ ሌሎች መበለቶች ወደ ወላጆቿ ልትመለስ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። ሴት ልጇን ጡት ባስጣለችበት ክረምት ወደ መስቱራ ቀርባ «እንስራውን አስተምሪኝ» አለቻት።

«ከእኔ አትማሪም።»

«ለምን? ጥፋቱ የቅጠሉ እንደሆነ ሰው ሁሉ አወቀ።»

«ቅጠሉን ማን ለቀመው? አይታጠብም ያለውስ ማን ነው?» አለች መስቱራ። ድምጿ ቁጣ የለበትም። «ሐዋያ፣ እናቴ እጇን ስትሰጠኝ አምስት ልጅ ረሃብ ነጥቋት ነበር፤ በእጇ ግን ማንንም አልገደለችም። ይሄ የእኔው ሌላ እጅ ነው። አላወርስሽም። ሂጂና ሐጃ ዘምዘም ያሳዩሽ።»

«የእሳቸው ከወል የአያት ኩብራ አይደለም እኮ።»

«አይደለም።»

«እሱ ሊጠፋ ነው እንግዲህ?»

«ይጥፋ» አለች።

ሐዋያ ሦስተኛ ጊዜ አልለመነችም። ከሐጃ ዘምዘም ተማረች። የእሳቸው አሠራር ሌላ ነው፤ ቅጠሉን ከጨው ጋር ይወቅጡታል፣ የሚያወጡትም በአሥረኛው ቀን ነው፤ ሽታውም ለዘብ ያለ ነው። ሐዋያ ከራሷ አንድ ጨምራበታለች፤ ቅጠሉን ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አትነካም፣ ያወቀችውንም ታጥባለች። ዳሱን ወርሳ ዛሬም ትሸጣለች። ሰው ይወድላታል።

ያኔ የሠራችውን የመጀመሪያውን ድስት፣ ትንሿን ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ለመስቱራ አቀረበችላት። እኔም ነበርኩ፤ ያን ጊዜ የቤት ሰው ሆኜ ነበርና። መስቱራ አንድ ጉርሻ ቆርሳ በወጡ አጠቀሰችና ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ለልጅቱም ስጫት።»